የምስክሩ ገንዘብ መጥሪያውን ይቅደም

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ጠበቆች፣ ሬጅስትራሮችና የችሎት ጸሐፊዎች፤ ከቀበሌና ከእድር ተወክላችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ለምስክር የሚከፈል የመጓጓዣና የውሎ ገንዘብ ነው። አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። ገንዘቡ መጥሪያው ከመውጣቱ በፊት ፍርድ ቤት ይግባ፤ ምስክሩም በመጣበት ቀን፣ ቃሉ ተሰማም አልተሰማም፣ ተቀብሎ ይሂድ።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር የሚያስጠራ ተከራካሪ ለመሄጃ፣ ለመመለሻና ለአንድ ቀን ውሎ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ ለፍርድ ቤት እንዲያስገባ የሚያደርግ ሥርዓት ዘርግቷል። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ተከራካሪው ምስክሩን በራሱ ገንዘብ አሳፍሮ ያመጣዋል፤ ምሳ ይጋብዘዋል፤ ማታ በር ላይ ብር ያስጨብጠዋል። ከዚያ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «ማን አመጣህ? ስንት ሰጠህ?» ሲል እውነቱን የተናገረው ሰው እንደ ቅጥረኛ ይታያል። ያው ገንዘብ በፍርድ ቤቱ ገንዘብ ያዥ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር።

ስሌቱ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ከፎገራ ገጠር የሚመጣ ገበሬ እንውሰድ። መዝገቡ ላይ «ከወረታ ባሕር ዳር» ተብሎ የሚኒባስ ታሪፍ ብቻ ይያዝለታል። ሰውየው ግን ከቀበሌው እስከ ወረታ በጋሪ ወይም በባጃጅ ይመጣል፤ ባሕር ዳር መናኸሪያ ከወረደ በኋላም እስከ ፍርድ ቤቱ ሌላ ባጃጅ ይይዛል። ጋሪው 40፣ ሚኒባሱ 150፣ የከተማው ባጃጅ 30 ብር ነው ብንል መሄጃው 220፣ ደርሶ መልሱ 440 ብር ይሆናል። ሚኒባሱን ብቻ የያዘ ሒሳብ 300 ብር ስለሚል 140 ብሩ ከምስክሩ ኪስ ይወጣል። ምሳውና የቀን ገቢው ገና አልተነሡም። በኅዳር ሩዙ አጨዳ ላይ ከሆነ ደግሞ በእሱ ፋንታ የሚያጭድ ሰው ቀጥሮ ነው የመጣው።

«ደረሰኝ ያምጣ» የሚባለውም አያስኬድም። ጋሪ ነጂ፣ ባጃጅ ነጂም ሆነ የሚኒባስ ረዳት ደረሰኝ አይቆርጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍርድ ቤት ከየቀበሌው እስከ ችሎቱ ያለውን መንገድ በየምዕራፉ ከፍሎ የታሪፍ ሠንጠረዥ ያዘጋጅ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጥፈው። ሬጅስትራሩ ከሠንጠረዡ አንብቦ ይሞላል፤ ክርክር የለም።

የሐይቁ ሰዎች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ምስክር ጀልባ እንደ ሚኒባስ በየሰዓቱ አይገኝም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲበረታና ማዕበል ሲነሣ ጀልባ ለመመለስ ይቸገራል። ቀጠሮው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ምስክሩ በዋዜማው መጥቶ ያድራል፤ ችሎቱ ወደ ከሰዓት ከተገፋበትም አንድ ሌሊት ይጨመርበታል። እንዲህ ላለው ሰው የመኝታ ወጪ ከመጀመሪያው ይታሰብለት፤ በዕለቱ መዝገቦች ውስጥም ቀድሞ ይሰማ። በጣና ዳር ካለው ከዘጌ ለተጠራ ምስክር በየብስ ይመጣል ወይስ በጀልባ የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ሰዓቱም ይለያያል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የምስክር ዝርዝር ሲቀርብ ከስሙ ጎን የሚነሣበት ቀበሌ፣ ዕድሜውና ደጋፊ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ የሁለት ሰው ታሪፍ ነው። ተከራካሪው የተሰላውን ገንዘብ ለገንዘብ ያዥ ያስገባል፤ የደረሰኙ ቁጥር መጥሪያው ላይ ይሰፍራል። ምስክሩ በቀጠሮው ቀን መጥሪያውንና መታወቂያውን ይዞ ሲቀርብ የችሎት ጸሐፊው የገባበትንና የተሰናበተበትን ሰዓት መዝግቦ ይፈርምለታል፤ በዚያው ወረቀት ክፍያውን ይወስዳል። መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል፤ ከገንዘብ ያዡ ሌላ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ። የመንግሥት ሠራተኛ የውሎ ማረጋገጫ ደብዳቤም ይሰጠው፤ አለበለዚያ መሥሪያ ቤቱ ቀርቷል ይለዋል። ምስክሩ ካልመጣ ገንዘቡ ለአስገቢው ይመለሳል።

ሁሉም ተሟልቶ የሚያከሽፈው ትንሽ ነገር አለ፤ 6 ሰዓት ሲሆን ገንዘብ ያዡ ለምሳ ይወጣል። 5 ሰዓት ተኩል ላይ የተሰናበተ ምስክር ወረፋ ሳይደርሰው መስኮቱ ከተዘጋ ወይ እስከ 8 ሰዓት ይጠብቃል፣ ወይ ትቶት ይሄዳል። ተራ ገብተው መሥራት ይቻላል።

ተለዋጭ ቀጠሮ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። ዳኛ ታመመ፣ ጠበቃ አልቀረበም፣ መዝገብ ጠፋ፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምስክሩ መንገዱን ሄዷል፣ ቀኑንም አጥቷል። የዕለቱ ይከፈለው፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አዲስ ሒሳብ ይግባ። ቀጠሮውን ያሰናከለው ተከራካሪ ከሆነ ወጪውን እሱ እንዲሸፍን ዳኛው ይዘዝ። ባዶ እጁን ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው በሦስተኛው ቢቀር ሊገርመን አይገባም። «ፖሊስ ይዞ ያቅርበው» ብሎ ከማዘዝ በፊት ገንዘቡ ገብቶ እንደነበር መዝገቡን ማየት የፍትሕ ጉዳይ ነው።

በሙያቸው ሊመሰክሩ ለሚጠሩት ለመሐንዲስ፣ ለሐኪም፣ ለቀያሽ የሚከፈለው ይለያል። ችሎት ከቆሙበት ሰዓት በተጨማሪ ለልኬታው፣ ለምርመራውና ለሪፖርቱ ያጠፉት ጊዜ ይታሰባል። ጠበቆች ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ የረታው ወገን የወጪና ኪሳራ ዝርዝር ሲያቀርብ የምስክሮችን ወጪ ከነደረሰኙ ያካትት። በር ላይ የተሰጠ ብር ደረሰኝ ስለሌለው ማስረዳት ይከብዳል።

በወንጀል ጉዳይ ከሳሹ መንግሥት በመሆኑ ለዐቃቤ ሕግ ምስክሮች በጀት ዓመቱ ሲጀመር፣ በሐምሌ፣ ገንዘብ መያዝ አለበት። የተከሳሹንም አንዘንጋ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት መከላከያ ምስክሮቹ ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት አለው። ማረሚያ ቤት ያለ ድሃ ተከሳሽ ግን ለምስክሩ የጀልባ ገንዘብ ከየት ያመጣል? በአዋጅ ቁጥር 699/2003 የተደነገገው ጥበቃ አደጋ ላለባቸው ምስክሮች ነው፤ ከተራው የመጓጓዣ ክፍያ ጋር አይምታታ።

ገንዘብ ማግኘት በማይቻልበት ቦታ ምስክሩ በሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ቃሉ እንዲወሰድ ማዘዝ፣ ወይም ተዘዋዋሪ ችሎት መላክ ይቻላል። አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊ ሄደው አሥር ምስክር ቢሰሙ አሥሩን ከማመላለስ ይረክሳል።

ሠንጠረዡን የምታዘጋጁ ሬጅስትራሮች፣ የየብሱን ታሪፍ ከመናኸሪያ፣ የጀልባውን ከወደቡ ላይ ጠይቁ፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥርም አድሱት።

አመሰግናለሁ።