ሁለተኛው ክፍያና የጥላው ዛፍ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከሐዋሳ ነው የማወራችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ፌርትሬድ ቡና ነው፤ ገዢው ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች እንዳይከፍል የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ያለው ቡና ማለት ነው። ገበሬውንም፣ ዛፉንም፣ በዛፉ ላይ የሚኖረውንም አውሬ ያኖራል ይባላል። እኔም አምናለሁ፣ ገንዘቡ በሰዓቱ ገበሬው ቤት ከደረሰ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ለታጠበ አረቢካ የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በፓውንድ 1.80 ዶላር ነው። በዚያ ላይ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ፕሪሚየም፣ ማለትም ለማኅበሩ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የዓለም ዋጋ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ያ የዋጋ ወለል የማይጠቅም መስሎ ነበር። ወለል የሚያስፈልገው ግን ዋጋ ሲወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ቡና ተነቅሎ ጫት የሚተከለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይጭናል። ፕሪሚየሙ ከ8,400 ዶላር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ደህና ገንዘብ ነው። ወደ እሸት ስንመልሰው ግን ያንሳል፤ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ስለሚገባ፣ በአንድ ኪሎ እሸት 7 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ያውም በፌርትሬድ ስም ለተሸጠው ቡና ብቻ። ማኅበሩ የምስክር ወረቀት ኖሮት ገዢ ካጣ፣ ቀሪው ቡና በተራ ዋጋ ይሄዳል፣ ፕሪሚየምም የለውም። የፕሪሚየሙን አጠቃቀም የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ ቢያንስ ሩቡ ለምርታማነትና ለጥራት መዋል አለበት።

ትልቁ ችግር ያለው ጊዜው ላይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ሲደርስ የልጆች ወጪ አለ፣ ዕዳ አለ። ማኅበሩ ካዝናው ባዶ ከሆነ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለቆመው ሰብሳቢ ይሸጣል፤ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ማኅበራት የውሉን ዋጋ እስከ 60 በመቶ ከገዢው በቅድሚያ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ማወቅ አለባቸው። ማኅበሩ ከሽያጩ በኋላ ለገበሬው የሚከፍለው ሁለተኛው ክፍያም እስከ ክረምቱ ከዘገየ ብዙ ቤት ይጎዳል።

አሁን ወደ መፈልፈያ ጣቢያው እንምጣ፤ ጥሩ ዋጋ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚያ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን፣ ቢቻል በ8 ሰዓት ውስጥ መፈልፈል አለበት። ካደረ ልጣጩ ውስጥ እንዳለ ይፈላና የኮመጠጠ ጣዕም ይይዛል። ውኃ ላይ የተንሳፈፈው ይለያል። ከተፈለፈለ በኋላ ገንዳ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይብላላል፤ እንደ ሲዳማው በንሳ ባለ ደጋ ከዚህም ይረዝማል። ሰዓት ብቻ አይታመንም፤ ፍሬውን በመዳፍ ማሸት ነው። ካሙለጨለጨ ገና ነው፣ ከሻከረና ካንቋቋ ደርሷል፣ ይታጠብ። አልጋ ላይ ሲሰጣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ። የቀትር ፀሐይ ቅርፊቱን ስለሚሰነጥቀው በቀትር ይሸፈናል፣ ሌሊትም ለጤዛ። እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ በላይ እያለ ጆንያ ውስጥ ከገባ ሊሻግት ይችላል።

የእጣቢው ውኃ ደግሞ ስኳርና አሲድ ይዞ ነው የሚወጣው። ቀጥታ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣውን ያፍናል። ከሲዳማው ዳሌ ወረዳና ከአካባቢው ጅረቶች የሚወርደው በጊዳቦ ወንዝ በኩል አባያ ሐይቅ ይገባል። ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ውኃውን የሚያጣራ ቬቲቨር ሣር፣ ገለባው ለኮምፖስት፦ በእኔ እምነት የፕሪሚየሙ የመጀመሪያ ሥራ ይህ መሆን አለበት።

ዛፉስ? የሲዳማ ጓሮ በራሱ ትንሽ ደን ነው፦ ከሥር እንሰት፣ መሐል ቡና፣ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሳሳ። እዚህ ሐይቁ ዳር ዋርካ ላይ የምናያቸው ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለሉ ነው የሚኖሩት፤ ዛፉ ከተቆረጠ መንገዳቸው ይቋረጣል። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያወጣው ለወፍ ተስማሚ ቡና መስፈርት ቢያንስ 40 በመቶ ጥላ፣ 12 ሜትር የሚደርሱ ዛፎችና ከ10 ያላነሱ ዝርያዎች ይጠይቃል። ጥላውን ብዙ ጓሮ ያሟላል፤ የሚከብደው የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀቱና ወጪው ነው። ጥላ ሲበዛ አበባ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የታችኞቹን ቅርንጫፎች መመልመል እንጂ ግንዱን መጣል አይገባም።

ያረጀ ቡና ግን ጉንደላ ይፈልጋል። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘመም አድርጎ መቁረጥ፣ ከሚወጡት ቡቃያዎች ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን መተው። ችግሩ ያ ግንድ ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አለመስጠቱ ነው። ማሳውን በአንድ ጊዜ የጎነደለ ገበሬ ባዶ እጁን ይቀራልና ዋንዛዋን ለጣውላ ይሸጣል፣ ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላል። በየዓመቱ ሲሶውን እየጎነደለ ቢሄድና ማኅበሩ በፕሪሚየሙ ቢደግፈው ዛፉም ይተርፋል።

እናንተም የፌርትሬድ ቡና ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት፤ ቡናው ከየትኛው ማኅበር ነው? ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ክፍያ በኪሎ ስንት ነበር፣ በየትኛው ወር ተከፈለ? የእጣቢው ውኃስ ወዴት ይሄዳል? መልስ ያለው ማኅበር ቡናውን በደስታ ያስረዳችኋል።