ቸርችልን ስንወጣ ለምን ቁና ቁና እንተነፍሳለን?

[ለገሃር፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት። ጠዋት።]

ሰላም ናችሁ! ዛሬ ስቱዲዮ የለም፣ በእግር ነን። ከለገሃር ተነስተን ቸርችል ጎዳናን ይዘን ሽቅብ ወደ ፒያሳ እንወጣለን። አብሮኝ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ትናንት ማታ ከድሬዳዋ ገባ። እሱ በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ ይጫወታል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል ሰው ነኝ። ይቺን ያዙልኝ።

ብሔራዊ ቴአትርን እስክናልፍ ወሬው ሁሉ የሱ ነበር። ፖስታ ቤት ጋ ዝም አለ። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ጋ ስንደርስ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«አቦ! ይሄ ከተማ አየር የለውም እንዴ?»

በእጁ የያዘውን ሃይላንድ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠው። ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘጋና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። መንገድ ላይ ስላልጣለው አመሰገንኩት።

አየርማ አለ። ብዙ ሰው «ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል» ሲል አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይም፣ እዚህም፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይም ከአየሩ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። የሚለያየው ከላይ የተጫነው ክብደት ነው።

እስቲ መሶብ አስቡ። ሠላሳ እንጀራ ተደራርቧል። የታችኛው የሁሉም ክብደት አርፎበት ዓይኑ ተደፍጥጧል። የላይኛው ገና ከምጣድ እንደወጣ ነው። አየርም እንዲሁ ነው። ጅቡቲ ያለ ሰው የሚተነፍሰው የታችኛውን፣ የተጠቀጠቀውን ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ደግሞ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ሳንባችሁን ሞልታችሁ ብትስቡም የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ሳስቷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያበሳጨንም ይሄው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ ባለሱቁን ከመውቀሳችሁ በፊት ትንሽ ታገሡት።

[አግዳሚ ወንበር ላይ። የአክስቴ ልጅ አረፍ ብሏል።]

አሁን ሰውነቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? አንገታችን ላይ፣ ወደ ጭንቅላት ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ለሁለት በሚከፈሉበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባቂ አለች። ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው የሚጮኹት እነዚህ ናቸው። ያኔ ትንፋሽ ይበረክታል፣ ልብ ይፈጥናል። ብዙ መተንፈስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ከልክ በላይ ያስወጣል። የተዛባውን ሚዛን ለመመለስ ኩላሊት ሥራ ይበዛበታል፤ ሽንትም ይጨምራል። የአክስቴ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ሽንት ቤት ሲመላለስ «ብርዱ ነው» ይለኝ ነበር። ብርዱም አለበት፣ አልክድም።

ኩላሊት ሌላም ነገር ያደርጋል። ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። መልእክቱ ወደ አጥንት መቅኔ ይሄድና ቀይ የደም ሴል በብዛት ማምረት ይጀመራል። ይሄ ሳምንታት ይፈልጋል። ሴሎቻችን የኦክስጅንን መብዛትና ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ ያሳዩት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

[ማዘጋጃ ቤት ፊት። ቁልቁል ለገሃር ይታያል።]

እስካሁን ያወራነው ስለ እንግዳ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ባለቤቱ ነው። ለሺህ ዓመታት ትውልድ በትውልድ ደጋ ላይ የኖረ ሰው ምን አደረገ?

ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ያሉት ደም ጨመሩ። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ከፍ አለ። ጥሩ መላ ነው፣ ግን ዋጋ አለው። አንዳንዶቹ ላይ ደሙ እንደ ከረመ ሽሮ ይወፍርና ልብን ያደክማል። በሽታው በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም ይጠራል። ቲቤቶች ሌላ መንገድ ያዙ። ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል አይጨምርም። አብዝተው ይተነፍሳሉ፣ የደም ቧንቧቸውም ሰፋ ይላል። ለዚህ የሚረዳቸውን አንድ ዘር-መል ከጠፉት የጥንት ሰዎች፣ ከዴኒሶቫኖች እንደወረሱት ይታመናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ስለ ስሜን ተራሮች ሰዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከባልደረቦቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረመድኅን ናቸው። አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። የደማቸው ኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ባሕር ዳርቻ የሚኖር ጤነኛ ሰው ላይ ብታገኙት አይገርማችሁም። ደሙ አልወፈረም፣ ኦክስጅኑም አልጎደለም። እንደ አንዲስም እንደ ቲቤትም አይደለም። ሦስተኛ መንገድ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ተመራማሪዎች ዛሬም በዘር-መሎች ውስጥ እያሰሱ ናቸው።

ጉዳዩ ላብራቶሪም ድረስ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስን ሲለካ ለከፍታ ማስተካከያ ያደርጋል፤ ደገኛ ደሙ ይጨምራል ከሚል ተነስቶ። እንደ ስሜኖቹ ደሙ የማይጨምር ጤነኛ ሰውስ? በዚያ ሚዛን «ደም ማነስ አለብህ» ሊባል ይችላል። የምርመራ ወረቀታችሁን ስታዩ ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትፍረዱ።

ሰው ደጋችን ላይ ከመቼ ጀምሮ ነው? ባሌ ተራሮች ውስጥ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት መሠረት ከ47,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ምግባቸው? የባሌው ትልቁ ፍልፈል፣ ተጠብሶ።

[ከማዘጋጃ ቤት ወደ ታች እየተራመድን።]

«ታዲያ ሯጮቻችን የሚያሸንፉት በዚህ ነዋ!» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ድምፁ ተመልሶለት። ቀስ። ከዚህ ብዙም የማይርቀውን ሜክሲኮ አደባባይን ታውቃላችሁ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ስለተቃወመች የተሰጠ ስም ነው፤ እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ያቺ ከተማ 2,240 ሜትር ላይ ናት። የ1968ቱ ኦሎምፒክ እዚያ ሲካሄድ አበበ ቢቂላ ተጎድቶ አቋረጠ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ወሰደ። የቆላ ሯጮች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ማሞ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብሎ ነበር የሚሮጠው።

ግን ከፍታ ብቻውን ወርቅ አያመጣም። ቦሊቪያን ተመልከቱ። ላ ፓዝ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አገሪቱ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም። ማለዳ ተነስቶ እንጦጦ የሚወጣውን ልጅ እግርና ልፋት የደም ምርመራ አይለካውም።

የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ቸርችልን ሲወጣ እያወራ ነበር። ድሬ እንደደረሰ ፎቶ ላከልኝ። ያቺ ባዶ ሃይላንድ ናት። ክዳኗ እንደተዘጋ ነው፣ ወገቧ ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

«አቦ፣ ማን ረገጣት?» ይላል ከሥሩ።

ማንም አልረገጣትም። ውስጧ ያለው የቸርችል አየር ነው።