«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

የእማማ ነጠላ ጫማ ሳሎን ቀርቷል፣ እሳቸው በአንድ እግር ጫማ ጓዳ ደርሰዋል። መውለቁ አልታወቃቸውም። «እግሬን ጉንዳን ይወረኛል» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ወጥ ጥደውም ይረሳሉ። የቤቱ ሰው መልስ አንድ ነው፦ እርጅና ነዋ!

ሊሆን ይችላል። ግን ቫይታሚን ቢ12 አንሷቸውም ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ደግሞ መድኃኒት አለው።

ቢ12 ደም ለመሥራትና የነርቭን ሽፋን ለመጠበቅ ያስፈልጋል። በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይበቃል፣ ኢምንት ናት። የሚገኘው ግን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ምስርም ጎመንም ሽሮም የላቸውም (የሽሮ ወዳጆች አትቆጡኝ)።

ታዲያ ጥፋቱ የጾም ነው? ቶሎ አንፍረድ። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚይዝ 55 ቀን ሁዳዴ ብቻውን ሰው አይጥልም። ከዓመቱ ግማሹን ጾመው በፍስኩም ሥጋ እምብዛም የማይነኩ እናቶች ግን ስንቁ ቀስ በቀስ ያልቅባቸዋል።

ለእኔ ዋናው ነገር ጨጓራ ነው። ቢ12 በምግብ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አሲዱ በብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በየቀኑ እንቁላል የሚበሉ አባትም ሊያንሳቸው ይችላል። ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። «ደም አንሷቸዋል» ተብሎ ፎሊክ አሲድ (ሌላ ቫይታሚን ነው) ብቻ ሲውጡ ደሙ ይሻሻላል፣ ፊታቸው ይመለሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ከዘገየም ላይመለስ ይችላል።

በ1926 እ.ኤ.አ. ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በዚህ ዓይነት የደም ማነስ የሚሞቱ ሰዎችን በየቀኑ ጉበት እያበሉ አተረፏቸው። በ1934 ኖቤል ተሸለሙበት። ዛሬ ለሕክምና ብሎ ጉበት መብላት ቀርቷል፦ ጨጓራን አልፎ የሚሄድ መርፌ አለ፣ መጠኑ ከፍ ያለ እንክብልም አለ።

ቫይታሚን ዲም አለ፣ ቆዳ ሲያረጅ ከፀሐይ የሚሠራው ይቀንሳል። እሱን በሌላ ቪዲዮ።

እማማን ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸው የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የእግራቸውን መደንዘዝም ንገሩ፣ እሳቸው «ደህና ነኝ» ብለው ያልፉታል። ከዚያ «ቢ12 ይታይልን» በሉ፤ በደም ምርመራ ይታያል።