ስሟን ማን ጠራው?

እንደምን አመሻችሁ! አካም ኦልታን! በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፈረንጅ አራዳም፣ ከጅረንም፣ ከአዌቱ ማዶም የመጣችሁ አላችሁ። ወንበር ያነሰባችሁ ይቅርታ፤ በርጩማ እየመጣ ነው።

ዛሬ የምናየው ፊልም በፈረንጆቹ 1960 ጣልያን ውስጥ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ማሪዮ ባቫ ይባላል። የጣልያንኛው ርዕስ ወደ እኛ ሲመለስ «የጋኔን ጭምብል» እንደማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። የምለው ነገር ከሆዴ ነው።

መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ። ሕፃን ይዛችሁ የመጣችሁ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውጭ ብትቆዩ ይሻላል። እንግሊዝ አገር ይህ ፊልም ለዓመታት ታግዶ እስከ 1968 አልታየም ነበር። ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ የሚጀምረው በአንዲት ሴት ግድያ ነው። አሳ ትባላለች። ጠንቋይ ናት ተብላ ተፈርዶባታል። የፈረደባት የገዛ ወንድሟ ነው። ውስጡ በሙሉ ሹል የሆነ የብረት ጭምብል ፊቷ ላይ አድርገው በትልቅ መዶሻ ይመቱታል። ከመሞቷ በፊት የወንድሟን ዘር ትረግማለች። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መንገደኞች መቃብሯ ላይ ይደርሳሉ፤ ደም ይንጠባጠብባታል፤ ትነቃለች። ከዚያ የምትፈልገው የዘሯን ልጅ ገላ ነው። በእሷ ገብታ እንደገና መኖር ትፈልጋለች። ሟቿንም ልጅቷንም የምትጫወተው አንዲት ተዋናይ ናት፤ ባርባራ ስቲል። አንዱ ፊት ሁለት ሰው ይሆናል። ያን ፊት ልብ ብላችሁ እዩት።

አሁን ስለ ገንዘብ ላውራ። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ፊልም መሥራት ትፈልጋላችሁ። ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝም «ብሩ ከየት ይምጣ?» የሚለውን ነው። ባቫ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ካሜራማን ነበር። ብር ሲያጥር በብርሃን መሥራት ያውቅ ነበር። አንዱን ብልሃት ልንገራችሁ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው አይደል? የተዋናይዋ ፊት ላይ በቀይ ቀለም መጨማደድ ይሳላል። በቀይ ብርሃን ስታበሩባት መጨማደዱ አይታይም። ብርሃኑን ቀስ እያላችሁ ወደ አረንጓዴ ስትለውጡት ያ ቀይ መስመር ጠቁሮ ይወጣል። ወጣቷ ካሜራው ፊት ታረጃለች። ምንም አልተቆረጠም፤ ኮምፒውተርም አልነበረም። ባቫ ካሜራማን ሳለ በ1957 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ይህን አድርጎታል። ከእሱ በፊትም በ1931 አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶበታል። ሁለት ባለ ቀለም ላስቲክና አንድ አምፖል ያለው ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

በ1999 ደግሞ አሜሪካኖች ስለ ጠንቋይ አንድ ፊልም አወጡ፤ «ብሌር ዊች» የሚባለው። ሦስት ወጣቶች ጫካ ገቡ። ካሜራውን የያዙት ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው። ቀን በቀን ምግባቸው እየተቀነሰ ስለሄደ ፊልሙ ላይ የምታዩት መነጫነጭ ከእውነተኛ ድካም የመጣ ነው። ቀረጻው በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር አለቀ። በዓለም ዙሪያ ያስገባው ግን ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጠንቋይዋ ግን አንድም ጊዜ አትታይም። ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጠዋት ከድንኳኑ ደጅ የተከመረ ድንጋይ ታያላችሁ፤ በቃ።

እኛ ድምፅ ሞልቶናል። ጎህ ሳይቀድ ጫካው ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ጉሬዛ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የሚያምር ጥቁርና ነጭ ጦጣ ከዚያ ትንሽ ደረት ያን የሚያክል ጉርምርምታ ከየት እንደሚያወጣው እስካሁን ይገርመኛል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከማዶ ይቀበለዋል። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አለ። ዝናቡ ንግግር ስትቀርጹ ጠላት ነው፤ ለብቻው ስትቀርጹት ግን ወርቅ ነው። ስልካችሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላችሁ ቅረጹት። ለፍርሃት የሚሆን ሙዚቃ ከኢንተርኔት አታውርዱ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን አሁን ልናገር።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ጅማ ሰፈራችን ውስጥ ሸክላ የምትሠራ ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም። ጀበናዋን ያልገዛ ቤት አልነበረም። እናቴ ቡና የምታፈላው በእሷ ጀበና ነበር። ግን እሷ አንድም ቀን ቡና ተጠርታ አላየሁም። ሴቶቹ «ቡና ጠጡ» እየተባባሉ ሲጠራሩ እሷ ደጇ ላይ ሸክላዋን ትደረድራለች። እኛ ልጆቹ ደግሞ «እሷ እያየችህ እንዳትበላ» እየተባልን ነው ያደግነው። ዳቦ ይዤ በበሯ ሳልፍ ሸሚዜ ውስጥ እደብቀው ነበር። አይታኛለች። ስደብቅ ታየኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያመኛል።

አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ታመመ። ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። «ቡዳ በልቶት ነው» ተባለ። ጭስ አጨሱበት። ትልልቅ ሰዎች ከበቡት። «ማነህ? የት ያዝከው? ተናገር!» ይሉታል። ልጁ ዝም አለ። አንዱ ስሟን ጠርቶ «እሷ ናት?» አለው። ልጁ «አዎ» አለ። ሰባት ዓመቱ ነው። ጭስ አፍኖታል፣ ትኩሳቱ እያቃጠለው ነው። ምን ይበል?

ከሳምንት በኋላ ቤቷ ተዘግቶ አገኘነው። ማታ ነው የሄደችው አሉ። ገና እሳት ያልገቡ ሁለት ጀበናዎች ደጇ ላይ ቀርተው ነበር። ዝናብ እየመታቸው ተመልሰው ጭቃ ሲሆኑ አይቻለሁ። ልጁ በኋላ ሲመረመር ወባ ነው ተባለ። መድኃኒት ወሰደ፤ ዳነ። ያኔ ግን ማንም ስሟን አላነሳም።

በ1692 ሴሌም በምትባል የአሜሪካ መንደርም እንዲሁ ነው የሆነው። ልጃገረዶች ተንቀጠቀጡ፣ ጮኹ። ትልልቆቹ «ማን ነው ያሠቃየሽ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ስም ጠሩ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ። በ1711 ለቤተሰቦቻቸው ካሳ ተከፈለ። የእኛው አፄ ምኒልክም ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

እዚህ ስለ እምነት ልከራከር አልመጣሁም። ጠበል የሚሄድም፣ ዱዓ የሚያስደርግም አለ፤ አከብራለሁ። የምናገረው ስለ ፊልም ነው። በእኛ አገር መንፈስ ሰው ውስጥ ገባ ሲባል ጥያቄ ይጀመራል። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩም ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ሽቶ ይፈልጋል፣ ልብስ ይፈልጋል፣ ቡና ይፈልጋል። ቡዳ የበላው ደግሞ ይለፈልፋል። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ስም። ከበሽተኛው አፍ ስም ሲወጣ በሽታው ከክፍሉ ይወጣና ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

የበቀል ፊልም ኃይሉ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የተገደለችው ሴት ተመልሳ የከሳሿ ልጅ ውስጥ ስትገባ ያው አፍ ይከፈታል። ያው ጥያቄ ይጠየቃል። አሁን ግን የሚጠራው የከሳሹ ስም ነው። ስለዚህ አሳ ከመቃብር ስትነሳ እኔን የሚያስፈራኝ ፊቷ ላይ ያሉት የሹሉ ብረት ቀዳዳዎች ናቸው። ያን ማን እንዳደረገባት አይተናል። እኛም በጸጥታ ተቀምጠን አይተን ነበር።

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ የሃያ ደቂቃ ፊልም ጽፈናል። አንድ ክፍል፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። የታመመች ልጅ መሃል ላይ ተኝታለች። «ማነሽ? የት ያዝሻት?» ብለው ይጠይቋታል። የምትመልሰው ግን የጎረቤት ስም አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ ክፍል የነበሩትን ሰዎች ስም በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ትጠራለች። ማን በር ላይ እንደቆመ፣ ማን ጭሱን እንዳጨሰ፣ ማን «እሷ ናት?» እንዳለ። ደም የለም። የተቀየረ ዓይን የለም። ረጋ ያለ የሴት ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሕፃን ደግሞ ዳቦውን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ጥግ ቆሟል። የእሱንም ስም ትጠራለች። ያን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፊልም ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ልመና አለኝ። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ ጭራቅ አድርጋችሁ አትሳሉ። ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ የሚመለሰው እነሱ ወዳሉበት ሰፈር ነው። እኛም ቀረጻ ከመጀመራችን በፊት ጽሑፉን ወስደን ገበያ ላይ ጀበና ለሚሸጡ ሴቶች እናነብላቸዋለን። «ይህ አይሆንም» ካሉ ይወጣል። ልጅቷን የምትጫወት፣ ድምፅ መቅረጽ የሚችልና ኩራዝ ያለው ቤት ያለው ሰው እንፈልጋለን። ክፍያ የለንም፤ ምሳ አለን።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሲያልቅ እዚሁ እቆያለሁ፤ ማውራት የምትፈልጉ ቅሩ። ጄነሬተሩ ነዳጅ ሞልቶለታል፤ መብራት ቢሄድ ከቦታችሁ እንዳትነሱ። በሩ አጠገብ ያላችሁ፣ እባካችሁ አምፖሉን አጥፉልን።