ቦርሳዎቹ ወንዝ ማዶ ናቸው፦ ቁልፍን ለጨዋታ በሚከፍተው ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶችና ቤተሰቦች፤ እንደምን ዋላችሁ? ወደዚህ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናውን ላፈሉልን እህቶች፣ አዳራሹን በቅናሽ ለሰጠን ወንድማችን፣ ወንበር ለደረደሩት ወጣቶች ምስጋናችን ይድረሳቸው። ስም መጥራት ብጀምር አንዱን ዘልዬ ዓመቱን ሙሉ ስወቀስ እኖራለሁና በጅምላ ተቀበሉኝ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባል፤ እኔ ለወጉ ያህል ልጥቀስ። ወርኃዊ ስብሰባችን አልተቋረጠም። የጀማሪዎች ሥልጠና ተሰጥቷል። በሰመር ለልጆች ጠረጴዛ ዘርግተን ጓጉንቸር አስከፍተናል። ጎናቸው ተቆርጦ ውስጣቸው የሚታይ የማስተማሪያ ቁልፎች ገዝተናል። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች፤ መዋጮ ያልከፈለ ሰው አሁኑኑ ወደ እሷ ጠጋ ቢል ይሻለዋል። ሪፖርቱ ይኸው ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሳኝ ጉዳይ ልግባ። ለእንግዶቻችን ግን አስቀድሜ የምንሠራውን ላስረዳ፤ አንዳንዶቻችሁ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ በየወሩ የት እንደሚሄድ የምትሰሙት ዛሬ ሊሆን ይችላል።

እኛ ቁልፍን ያለ መክፈቻው በመክፈት የምንዝናና ሰዎች ነን። ሕጋችን ሁለት ነው። የራስህ ያልሆነውን ወይም ባለቤቱ ያልፈቀደልህን ቁልፍ አትነካም። በር ላይ ተገጥሞ የሚያገለግለውን ደግሞ የራስህም ቢሆን አትነካም፤ ተበላሽቶ ውጭ ብታድር የሚያዝንልህ የለም። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። ጀርመኖች ለዚሁ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1997 ማኅበር አቋቁመዋል፤ ሆላንዶችም ብዙ አልቆዩም። ላስ ቬጋስ በሚደረገው ዴፍኮን በሚባለው የሐከሮች ጉባኤ ለዚህ ብቻ የተለየ ክፍል አለ።

አብዛኞቻችን በር ላይ ያለው ቁልፍ ሊነስ ዬል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓተንት ያወጣበት አሠራር ነው። ውስጡ ሞላ (ስፕሪንግ) ወደ ታች የሚገፋቸው አምስት ወይም ስድስት ፒን የምንላቸው ትናንሽ ብረቶች ተደርድረዋል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ሁሉም በልካቸው ይነሡና መክፈቻው የገባበት ክብ አካል፣ ሲሊንደሩ፣ ይዞራል። ፋብሪካው ግን የፒኖቹን ቀዳዳዎች ምንም ያህል ተጠንቅቆ ቢበሳቸው ፍጹም አይሰለፉም፤ ሲሊንደሩን መወጠሪያ በምንለው የታጠፈ ብረት ቀስ ብለህ ስታዞረው አንዱ ፒን ከሌሎቹ ቀድሞ ይያዛል። እሱን ፈልገህ ፒክ በምንለው ቀጭን ብረት ታነሣዋለህ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ጨዋታው ያ የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ስህተት ላይ ነው ያለው።

በሰመሩ ዝግጅት አንድ አባት ልጃቸውን ከጠረጴዛችን ጎትተው ሊወስዱ መጡና፣ «እናንተ ሌባ ሻይ ናችሁ ወይስ ሌባ ናችሁ?» አሉኝ። ሳቄ ቢመጣም ዋጥ አደረግሁት፤ ጥያቄው የተገባ ነው። እኔም ሌባ ትዕግሥት የለውም፣ በሩን ይረግጠዋል፣ መስኮቱን ይሰብረዋል፣ ጓጉንቸሩን በመቁረጫ ይበጥሰዋል እንጂ ቁጭ ብሎ ፒን አይቆጥርም አልኳቸው። ቀጥዬም የሆብስን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ መጣ። እንግሊዞች የማይደፈር ይሉት የነበረውን ቸብ የተባለውን ኩባንያ ቁልፍ ምስክር ባለበት በ25 ደቂቃ ከፈተው። ከዚያ ብራማ ወደሚባለው የቁልፍ ሠሪ ሱቅ ሄደ። እዚያ መስኮት ላይ ከ1790 ጀምሮ አንድ ጓጉንቸር ተቀምጧል፤ ለከፈተ 200 ጊኒ (የያኔ የእንግሊዝ ገንዘብ) ይሰጣል የሚል ጽሑፍ አብሮት አለ። ስድሳ ዓመት የሞከረው ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ሆብስ 16 ቀን ተመላልሶ፣ በድምሩ 51 ሰዓት ያህል ሠርቶ ከፈተው። ለንደን ተቆጣች፣ ጋዜጦች ተከራከሩ፤ ቁልፍ ሠሪዎቹ ግን ሥራቸውን አሻሻሉ። ሰውየው ያን ሁሉ ያደረገው በጠራራ ፀሐይ ነው። አባታችን አዳመጡኝና ልጁን መልሰው አስቀመጡት። ልጁም ሁለተኛውን ጓጉንቸር ከፈተ።

ይህን የምለው እንድትኮሩ ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ባለፈው መኸር አንዲት የማታ ፈረቃ የምትሠራ ነርስ እህታችን ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ መጥታ አቡስ 72/40 የሚባል ጓጉንቸር ፊቷ ተቀመጠ። ስድስት ፒን ያለው፣ ከነዚያም ውስጥ ስፑል የምንላቸው ወገባቸው የቀጠነ ፒኖች የተደበቁበት ቁልፍ ነው። ሲሊንደሩ ትንሽ ዞር አለና ቆመ። ጀማሪ እዚህ ጋ ተከፈተ ብሎ ይጮሃል፤ እሷ ዝም አለች። ስፑሉ ወገቡ ላይ ተይዞ ነው፤ ፒኑን ወደ ላይ ስትገፋው ሲሊንደሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ መወጠሪያውን የያዘ ጣቷን ይገፋታል። እሺ ብላ ማላላት አለባት፤ አብዝታ ካላላች ደግሞ የሠራችው ሁሉ ይረግፋል። ጣቷን በጥቂቱ ለቀቅ፣ ፒኑን በጥቂቱ ከፍ። ቀጭ አለ። ከዚያ የሆነውን እልልታ ታች ፎቅ ያሉት ሰርግ መስሏቸው ነበር።

ይህች እህታችን የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከስብሰባ ስትወጣ መሣሪያውን እዚሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ጉዳዩም እዚህ ላይ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ ምን እንደሚል ባለፈው ጉባኤ ተነጋግረናል፤ ላልነበሩት ልድገም። ለስርቆት የሚሆን መሣሪያ ለመስረቅ አስቦ መያዝ እዚያ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ነው፤ እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። እስከዚህ ድረስ ከሌላው አገር ብዙም የተለየ ነገር የለውም። ነገሩን የሚያከብደው ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፦ ፈቃድ ካለው ነጋዴ በቀር፣ መሣሪያው እጅህ ላይ መገኘቱ ራሱ ለመስረቅ ማሰብህን እንደሚያሳይ መነሻ ማስረጃ ይወሰዳል። እዚህ ሜሪላንድ ዐቃቤ ሕጉ ሐሳብህን ማስረዳት አለበት። እዚያ ግን ክርክሩ ሲጀመር አንተ ወደ ኋላ ቀርተህ ነው። ጠበቃ አማክረናል። ማስተባበል ይቻላል፣ ሊረታም ይችላል አለን፤ ነገር ግን ከፍርዱ በፊት መያዝ አለ። ከእናንተ ውስጥ የዜግነት ማመልከቻ ያስገባችሁ አላችሁ። ቅጹ ተፈረደብህ ወይ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። በጓጉንቸር ጨዋታ የተነሳ እዚያ ሣጥን ላይ «አዎ» የሚል ምልክት ማድረግ የሚፈልግ ሰው የለም። ይህን ፍርሃት አከብራለሁ።

ያን ፍርሃት አክብረን ነው ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን አካባቢ እናደርገው የነበረውን ስብሰባ ዘግተን ሁሉንም ወደዚህ ያመጣነው። አንረሳሳ፤ ሐሳቡን ያቀረቡት የቨርጂኒያ አባላት ናቸው። ያን ቀን ቆመው ሲናገሩ እንባ ሲቀራቸው ነበር። እጅ አውጥተን ወሰንን። ከዚያ በኋላስ? ሐሳቡን ካቀረቡት መካከል ዛሬ እዚህ የማየው ሁለት ፊት ነው። ሌሎቹን ስደውል፣ «ሊቀ መንበር፣ የቤልትዌይ ትራፊክ እኮ ታውቀዋለህ» ይሉኛል። አውቀዋለሁ። እነሱ እጃቸውን ሲያወጡም ቤልትዌይ የምንለው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ነበረ። ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚያገናኘው የዉድሮ ዊልሰን ድልድይ ባለፈው ዓመት አልተሠራም። ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለኮንሰርት ያንኑ ድልድይ ሲሻገሩ የቴሌግራም ፎቷቸውን ሁላችንም እናያለን።

ይህ ንግግር እየተቀረጸ ነው። ማታ ግሩፑ ላይ ይለቀቃልና እዚህ የሌላችሁ ትሰሙኛላችሁ። የመጡት ሰዎች በቀሩት ፈንታ ቁጣ እንዲሰሙ አልፈልግም፤ ስለዚህ ቀጥታ ለእናንተ ልናገር።

ቦርሳዎቹን መልሱ።

ለጀማሪ በውሰት የሚሰጡ፣ በማኅበሩ ገንዘብ የተገዙ የመሣሪያ ቦርሳዎች አሉን። ከነዚህ የሚበዙት ከውሳኔው በፊት ወደ ቨርጂኒያ ሄደው በዚያው ቀርተዋል። በዚህ ዓመት የተመዘገቡ አዲስ አባላት ተራ እየጠበቁ በአንድ ፒክ ለሁለት ይሠራሉ። ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ደግሞ ሳቅም ንዴትም ያመጣል፦ «ይዤው ድልድዩን መሻገር ፈራሁ» ይባላል። ወንድሜ፣ ሕጉ የሚለው መያዝ ነው፤ ድልድይ የሚል ቃል የለበትም። መኪና ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጡ ካስፈራህ አልጋህ ሥር ዓመት ሙሉ ያስተኛኸው እንዴት ሳያስፈራህ ቀረ? አንዱ ደግሞ ይባስ ብሎ በፖስታ ቤት ልላከው አለ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የፌዴራሉ የፖስታ ሕግ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለቁልፍ ሠሪና ለመሰል ባለሙያዎች ካልሆነ በቀር በመንግሥት ፖስታ እንዳይላክ ይከለክላል። ከአንዱ ጣጣ ልትወጡ ወደ ሌላው ትገባላችሁ።

በግሌ የማዝንበት ሌላም ነገር አለ። አንዳንዶቻችሁን በእጄ ያስተማርኳችሁ ናችሁ። የመጀመሪያውን ማስተር ሎክ ጓጉንቸር ስትከፍቱ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ አጠገባችሁ ነበርኩ። አሁን ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ዞር ትላላችሁ። መንገዱ ርቆን ነው ካላችሁኝ እቀበላለሁ፤ ፈርተን ነው ካላችሁኝም እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሦስተኛውን ነው፤ ሰዎች ምን ይሉናል የሚለውን። አንድ አባላችን ለአማቶቹ ኮምፒውተር እማራለሁ ብሎ ነግሯቸው ነበር አሉ። እዚህ ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በግልጽ መጥተዋል። ትልቅ ሰው ግን በይሉኝታ ይደበቃል።

ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበውን ልናገርና ልቀመጥ። አንደኛ፣ ስብሰባው ሜሪላንድ ይቆያል፤ ይህን እንደገና ለክርክር አንከፍተውም። ቦርሳ ያለበት ሰው ለጠበቃው ይደውል፤ ቁጥሩ ከጸሐፊያችን ጋር ነው፣ የምክሩን ዋጋ ማኅበሩ ይችላል። እንዴት እንደሚመለስ እሱ ይነግራችኋል፤ ስማችሁም አይነሣም። ሁለተኛ፣ የቨርጂኒያ አባላት ቤታቸው የሚሠሩት ነገር አጡ የሚለው እውነት ነው። ጓጉንቸር ቤት ማስቀመጥ ግን የትም ወንጀል አይደለም። የተቆረጡትን የማስተማሪያ ቁልፎች ከመክፈቻቸው ጋር በተራ እናውሳለን። አንድ ቁልፍ ውስጡን እያየ በመክፈቻው መቶ ጊዜ ያዞረ ሰው እዚህ ሲመጣ ፒኑ የት እንዳለ እጁ ያውቀዋል። ያቺ ነርስ እህታችን የተማረችው እንዲሁ ነው፤ ካላመናችሁ ጠይቋት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሦስተኛ፣ ከወንዝ ማዶ የሚመጡትን በአንድ መኪና የሚያሰባስብ ሰው እንፈልጋለን። ቤንዚኑን ማኅበሩ ይችላል። በር ላይ ወረቀት አለ፤ እስካሁን ስም የጻፈ የለም።

ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በፊት ነው። በቴሌግራም የሚላክ ድምፅ አይቆጠርም። ጸሐፊያችን፣ የመጀመሪያውን አጀንዳ አንብብልን።