ትናንትን የማያስቀር አእምሮ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። በ1953 በፈረንጆች አቆጣጠር ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው እንዲሻለው አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሽታው ቀለል አለለት። አዲስ ነገር ግን አእምሮው ውስጥ አልቀመጥ አለ። የልጅነቱን ያስታውሳል፣ ቋንቋው አልጠፋበትም፣ ጨዋታም ይችላል። ለዓመታት የተመላለሰችው ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ግን በገባች ቁጥር እንግዳው ነበረች። በ2008 እስኪሞት እንዲሁ ኖረ።

ጥያቄ ሲጽፉለት የሚመልሰውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ቻትጂፒቲን፣ ሳናግር እሱ ትዝ ይለኛል። ስልጠናው ሲያልቅ ሞዴሉ፣ ማለትም የተማረው ፕሮግራም፣ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ከንግግራችን አይማርም። ዛሬ ስታርሙት «ልክ ነህ፣ ይቅርታ» ይላል። ነገ እንደ አዲስ ስትጠይቁት እዚያው ስህተት ላይ ታገኙታላችሁ። የጋራዥ ረዳት እንኳ ሰኞ የተቆጡትን ማክሰኞ አይደግምም።

አሁን የተነገራቸውን በማስታወሻ የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ። ማስታወሻ ማንበብና መልመድ ግን ለየቅል ናቸው። ሞሌይሰን ራሱ መስታወት እያየ ኮከብ መሳል ሲለማመድ እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት መሳሉን ግን አያውቅም! እጁ ተማረ፣ እሱ ረሳ። የእኛ ማሽን ደግሞ ማስታወሻው አለው፣ እጁ አይለምድም።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እንዲማር አይተዉትም? ችግሩ እዚህ ነው። በ1989 መክሎስኪና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ትንሽ የነርቭ መረብ፣ ማለትም አንጎልን በመጠኑ የሚመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በ1 መደመርን አስተማሩ። ቀጥለው በ2 መደመርን ሲያስተምሩት የፊተኛው ጠፋበት። መረቡ የተማረውን የሚያስቀምጠው በውስጡ ባሉ ቁጥሮች ነው፤ አዲሱ እውቀት የሚጻፈውም አሮጌው በተጻፈባቸው በእነዚያው ቁጥሮች ላይ ስለሆነ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር እየቀላቀሉ መድገም ይረዳል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ማሽኑንና ዳታውን ማብዛት ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የበዛ ዳታ የሚያውቀውን ያሰፋል፤ ከተቆለፈ በኋላ የሚመጣውን ነገር ግን አያስተምረውም። እንደ ሰው ሁሉን የሚሞክር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተፈለገ፣ የመጀመሪያ የሥራ ቀኑና መቶኛው ቀኑ መለያየት አለባቸው።

ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ርዕስ ያላገኛችሁ ይህንን ያዙ፤ እለምናችኋለሁ። የ1989ኙን ሙከራ ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። ዛሬ ማታ በ1 መደመርን አስተምሩት፣ ከዚያ በ2። ከዚያ ተመልሳችሁ ስለ 1 ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።