«አዲስ ነኝ፣ ምን አገባኝ?»

ለአዲስ ገቢ ተመራማሪዎች አቀባበል የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ!

የላባችን፣ ማለትም የቤተ ሙከራችን፣ ኃላፊ የደኅንነቱን ደንብ ነግረዋችኋል። ጓንት፣ ጋውን፣ መነጽር። እሱን አልደግምም። እኔ የመጣሁት ደንቡ ላይ ስላልተጻፈው ነገር ላወራችሁ ነው። አጠገባችሁ ከሚቆመው ሰው ጋር እንዴት ትኖራላችሁ?

ከ11 ዓመት በፊት እኔም አዲስ ነበርኩ። እዚህ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙ ይቅር። የመጀመሪያውን ወር ከሞላ ጎደል ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ሥራ የያዘ ሰው ማቋረጥ ነውር ይመስለኝ ነበር። ጥቂት ፈሳሽ ለክተን የምንቀዳበት ፒፔት የት እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ እንኳ ሃያ ደቂቃ አመነታለሁ። በመጨረሻ ዝም ብዬ ያገኘሁትን አነሳለሁ። ለካ ፒፔት እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፤ ባለቤት አለው። በኩርፊያ ነው የተማርኩት።

አንድ ምሽት ወደ ቤት ልሄድ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ባለው ትልቁ ፍሪዘር አጠገብ አለፍኩ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ስክሪኑ ግን ከዜሮ በታች 52 ይላል። የበሩ ጠርዝ ላይ በረዶ ተጋግሮ በደንብ አልተዘጋም። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ድምፁ ያስቸገረው ሰው አጥፍቶታል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ «አዲስ ነኝ፣ ምን አገባኝ? የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» ብዬ ታክሲ ልይዝ ሮጥኩ።

ጠዋት ስመጣ በረዶው ቀልጦ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። የአንዲት ባልደረባዬ የአርኤንኤ (የዲኤንኤን መልእክት የሚያደርሰው ሞለኪውል) ናሙናዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። አርኤንኤ ሙቀት ካገኘ አይቆይም። የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች በየቦታው አሉ፣ እጃችን ላይ ሳይቀር። ወራት የፈጀ የመስክ ሥራ በአንድ ሌሊት ሄደ። «ማታ አይቼው ነበር» አልኳት። ለምን እንደነገርኳት እስካሁን አይገባኝም። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሴንትሪፊዩጅ (ናሙናን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ) ውስጥ አንድ ቲዩብ ብቻ ከትቼ ክዳኑን ልዘጋ ስል፣ ከኋላዬ «ኧረ ቁም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እሷ ናት። መሣሪያው በደቂቃ 13,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ከቲዩቡ ፊት ለፊት እኩል የሚመዝን ሌላ ቲዩብ ከሌለ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስም ይሰበራል። ውሃ የሞላ ቲዩብ አምጥታ ራሷ አስቀመጠችልኝ።

«ይሄን ማንም አላሳየህም?»

«አልጠየቅኩም።»

ሳቀች። እርቃችን እዚያ ላይ ተጀመረ። ዛሬ የልጄ ክርስትና እናት ናት።

ይሉኝታ ሰፈር ውስጥ ደግ ነገር ነው። ላብ ውስጥ ግን ያስከፍላል። እዚህ አገር አንድ ኢንዛይም ታዝዞ፣ ጉምሩክ አልፎ እጃችን እስኪገባ ወራት ሊፈጅ ይችላል። «ላለማስቸገር» ብላችሁ ያበላሻችኋት 50 ማይክሮ ሊትር የሌላ ሰው ሴሚስተር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አስቸግሩን። ፕሮፌሰሩንም አንቱ በሉ፣ ችግር የለውም። በአንቱታም ቢሆን «ይሄ ቁጥር ትክክል አይመስለኝም» ማለት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ነባሮቹ ልዙር። ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ አዎ፣ እናንተ።

ሮዛሊንድ ፍራንክሊንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለዲኤንኤ ቅርጽ መታወቅ የእሷ የኤክስሬይ ሥራ ወሳኝ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መጣች። ፓሪስ ውስጥ ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ እየበላች፣ ድምፅ ከፍ አድርጋ መከራከር ለምዳለች። ለንደን ስትደርስ እዚያው ዲኤንኤን ያጠና የነበረው ሞሪስ ዊልኪንስ እረፍት ላይ ነበር። የላቡ ኃላፊ የዲኤንኤውን የኤክስሬይ ሥራ የምትመራው እሷ እንደሆነች በደብዳቤ ነግረዋታል። ለዊልኪንስ ግን አልነገሩትም። እሱ ሲመለስ የእሱን ቡድን ልታግዝ የመጣች መሰለው። በቃ፣ ሁለቱ ጎበዞች ከዚያ በኋላ በሰላም አልተነጋገሩም። የነባር መምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ ሴት አያስገባም ነበር። ቡና እየተጠጣ የሚወራውን ሁሉ አልሰማችም።

በ1953 ወደ በርክቤክ ኮሌጅ ሄደች። ሕንፃው አሮጌ ነበር። ሰዎቹ ግን ተመቿት። ከባልደረባዋ ከአሮን ክሉግ ጋር የትምባሆ ቅጠልን የሚያጠቃውን ቫይረስ መረመሩ፤ ሥራው ተሳካ። እሷ በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። ክሉግ በ1982 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ ጠባይዋም ያው ነው። የተለወጡት አጠገቧ ያሉት ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የምናደደው በዚያ ደብዳቤ ነው። ሁለቱንም ቁጭ አድርጎ «እሷ ይህን ትሠራለች፣ አንተ ያን ትሠራለህ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስለዚህ ነባሮች፣ አዲስ ሰው ሲመጣ የትኛው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። የትኛው ሥራ የማን እንደሆነም እንዲሁ። በቡፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ጠርሙስ ላይ «የኔ» ብሎ መጻፍም ይቅር። የማን?

አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃ የሚያጥቡልንንና ኦቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ) የሚያንቀሳቅሱትን እናታችንን ዛሬውኑ ሰላም በሏቸው። የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚያምፅ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ሞተው ያዩት ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ነው። የሚያጥብ ሰው አጠገብ መቆም አያከስርም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው እየመጣ ነው። የሚጠጣው ውጭ ነው፣ ላብ ውስጥ ስኒ ይዞ የሚገባ እንዳላይ። ከዚያ ትልቁን ፍሪዘር አሳያችኋለሁ። በሩ ላይ አምስት ስልክ ቁጥሮች ተለጥፈዋል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች ከ70 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን ደውሉ። ሦስተኛው የእኔ ነው።